ቁጥር የሌለው መመሪያ

እትዬ ኡሙሀኒን ከሥራ ያባረርኳቸው እኔ ነኝ። ደብዳቤው ላይ የፈረሙት አቶ አጥናፉ ናቸው፤ ውሳኔውን ያሳለፈው ኮሚቴው ነው፤ የበሽተኞቹን ካርድ የያዘውን ፎልደርም በገዛ እጃቸው ያጠፉት ራሳቸው እትዬ ኡሙሀኒ ናቸው። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ተጽፎ፣ ማኅተም ተመትቶበት ፋይል ውስጥ ተቀምጧል። ቢሆንም ያባረርኳቸው እኔ ነኝ።

ስሜ ጌቱ ይባላል። ሥራዬን ለሰው ማስረዳት ስለሚያደክመኝ እናቴ ለጎረቤት «ኮምፒውተር ይጠግናል» ብላ ተገላግላለች። እኔ ግን ኮምፒውተር አልጠግንም፤ መመሪያ እጽፋለሁ። «ካርዴ» የሚባል ፕሮግራም አለ፤ ትንንሽ ክሊኒኮች የበሽተኞቻቸውን ካርድ የሚይዙበት። ኦፕን ሶርስ ነው፤ ኮዱ ለማንም ክፍት ነው፣ የፈለገ በነጻ ይወስደዋል፣ በየአገሩ ያሉ በጎ ፈቃደኞች በትርፍ ጊዜያቸው ይጽፉታል። ኮድ የሚጽፈው ሰው ይጨበጨብለታል። መመሪያ የሚጽፈውን ግን አንድ ነገር ካልተበላሸ በቀር የሚያስታውሰው የለም። አምስት ዓመት የካርዴን ዌብሳይት ብቻዬን ተሸክሜዋለሁ፤ የአማርኛው መመሪያ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው የእኔ ነው።

ዌብሳይቱ ላይ አንድ መመሪያ ብቻ አይደለም ያለው። ፕሮግራሙ በየጊዜው ይታደሳል፤ በታደሰ ቁጥር አዲስ የቨርዥን ቁጥር ይሰጠዋል። ሁለት ነጥብ ስድስት ነበረ፣ ሦስት መጣ፣ ከዚያ ሦስት ነጥብ አንድ። ያለው ሰው «የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ» ብሎ አሮጌውን ይጥላል። እኛ ግን የምንጥለው የለንም። ከስንት ዓመት በፊት በእርዳታ የመጣ ኮምፒውተር ሁለት ነጥብ ስድስትን ይሸከማል እንጂ ሦስትን ሲጭኑበት ያቃስታል። ስለዚህ የእያንዳንዱን ቨርዥን መመሪያ ለየብቻ፣ ሙሉ አድርጌ አስቀመጥኩ። ከየገጹ አናት ላይ አግድም የተዘረጋ ሰማያዊ ባር አለ፤ ባሩ ላይ የቨርዥኑ ቁጥር በነጭ ተጽፏል፤ ሲነኩት ሌሎቹን ያወጣል። ዝም ብሎ ለከፈተው ሰው አዲሱ ነው የሚመጣው። ያንን ባር እወደው ነበር። ለሰው ሁሉ በስልኬ እያወጣሁ አሳይ ነበር።

እትዬ ኡሙሀኒ ከቁስቋም ዳገት ሥር ባለች አንዲት ክሊኒክ ካርድ ክፍል ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርተዋል። በወረቀቱ ዘመን ስምህን ስትነግራቸው የእናትህን ስም ይጠይቁህና ቀጥ ብለው ወደ መደርደሪያው ይሄዳሉ። ከሽሮ ሜዳ ወገባቸውን ይዘው የሚመጡትን ሸማኔዎች አንድ በአንድ ያውቃሉ፤ የማን ሚስት ስኳር እንዳለባት፣ የማን ልጅ ሳል እንዳልተወው ያውቃሉ። ኮምፒውተር ሲመጣ ግን አኩርፈው ነበር። «ይሄ ሣጥን መብራት ሲሄድ አብሮ የሚሞት ነው፤ ምን ዓይነት ጸሐፊ ነው?» ይሉ ነበር፣ ክሊኒኩ ሁሉ እየሰማ። ያቺ ንግግራቸው በኋላ ጦሷን ይዛ መጣች።

ከአራት ዓመት በፊት ሦስት ወር ሙሉ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ አስተማርኳቸው። አዲሱ ገበያ ከወንድማቸው ሱቅ ቴምር በፌስታል ይዘውልኝ ይመጡ ነበር። እንደሳቸው ያለ ተማሪ አይቼ አላውቅም። «ከዚህስ በኋላ?» ሳይሉ አንድ ነገር አይነኩም። አንድ ልማድ ብቻ ነበራቸው፤ ስክሪን ላይ ያለ ጽሑፍ አያነቡም። «የሚያበራ ነገር ላይ ያነበብኩት ጭንቅላቴ ውስጥ አይቀመጥም» ይላሉ። መመሪያውን አሳትመው፣ በፕላስቲክ ላሚኔት አስደርገው፣ ጣታቸውን መስመሩ ላይ አድርገው ነው የሚሠሩት። ያለፉትን ተራ ቁጥር በእስኪሪብቶ ራይት ያደርጉበታል።

ይህ የሳቸው ብቻ አይደለም፤ ሰፈሩ እንዳለ እንዲሁ ነው። መብራት ይሄዳል፣ ኔትወርክ ይሄዳል፤ ላሚኔት የተደረገ ወረቀት ግን የትም አይሄድም። ስለዚህ ካርዴን የሚጠቀም ሁሉ ገጹን የሚያሳትመው ዊንጌት ታክሲ መያዣው ፊት ለፊት፣ የጓደኛዬ የኢስሐቅ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። እዚያ ሂዱ ብዬ የላክኋቸውም እኔ ነኝ።

የዛሬ ሁለት ዓመት ኢስሐቅ አንድ ወረቀት ዓይኔ ሥር አምጥቶ ዘረጋልኝ። ሰማያዊው ባር በየገጹ አናት ላይ ጥቁር ሆኖ ታትሟል፤ የሐዘን ካርድ ነው የሚመስለው። «ወንድሜ፣ ይቺ ባርህ ቶነሬን ጠጥታ ጨረሰችው! በአላህ አንድ ነገር አድርግ» አለኝ። እዚያው ቁጭ ብዬ አንዲት መስመር ጻፍኩ፤ ገጹ ሲታተም ባሩ ይደበቅ የምትል። ኢስሐቅ ደስ ብሎት ማኪያቶ ጋበዘኝ። የቨርዥኑ ቁጥር ያለው ግን ባሩ ላይ ነበር፤ ገጹ ላይ ሌላ የትም ቦታ አልነበረም። ውጭ አገር ያለ ሰው ይህንን ስህተት አይሠራም፤ እሱ መጀመሪያውኑ አያትምም። ሁሉም ሰው ከወረቀት እንደሚያነብ አሳምሬ የማውቅ እኔ፣ የጉለሌው ልጅ፣ ቁጥሩን ከወረቀቱ ላይ አጠፋሁት። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ትዝ አላለኝም።

ግንቦት ላይ አቶ አጥናፉ፣ የክሊኒኩ ሥራ አስኪያጅ፣ እንግዶች ሊጎበኙን ይመጣሉ ብለው ፕሮግራሙ በአስቸኳይ ወደ አዲሱ እንዲሻሻል አዘዙ። አዲስ ኮምፒውተር በመጋቢት ገዝተው ነበር፤ ሁለት ነጥብ ስድስት እንዳለ ወደሱ ተዛውሯል፤ አሮጌው ተደምስሶ ተሸጧል። «ጌቱን እንጥራ?» ብለው እትዬ ኡሙሀኒ ሲጠይቁ «ለዚች ለዚች ሰው አናስቸግርም፤ መመሪያ አለ አይደል?» አሏቸው። እሳቸውም እንደ ልማዳቸው ወደ ዊንጌት ወርደው «የካርዴን ማሻሻያ አትምልኝ» አሉት ኢስሐቅን። ኢስሐቅ ዌብሳይቱን ከፈተ፤ አዲሱ መጣለት፤ አተመ፤ ላሚኔት አደረገ።

በዚያ ገጽ ላይ ተራ ቁጥር አምስት «አሮጌውን ፎልደር ሙሉ በሙሉ ያጥፉ» ይላል። ከቨርዥን ሦስት ለሚነሳ ሰው ትክክል ነው፤ ፕሮግራሙ ካርዶቹን አስቀድሞ ወደ ሌላ ቦታ ስለሚያዛውራቸው ፎልደሩ ባዶ ቀፎ ነው። ከሁለት ነጥብ ስድስት ለሚነሳ ሰው ግን ካርዶቹ ያሉት እዚያው ፎልደር ውስጥ ነው፤ ባክአፑም፣ መጠባበቂያ ቅጂው፣ እዚያው ነው። ለሁለት ነጥብ ስድስት ተጠቃሚዎች በጻፍኩት የማሻሻያ ገጽ ላይ «ፎልደሩን እንዳይነኩ!» ብዬ በቀይ አስምሬበታለሁ። ያ ቀይ ማስጠንቀቂያ ዌብሳይቱ ላይ ተቀምጦ እትዬ ኡሙሀኒን ይጠብቅ ነበር። እሳቸው ደግሞ ወረቀታቸውን ይዘው ወደ ክሊኒክ ወጡ።

ከሰዓት በኋላ ደወሉልኝ። «ጌቱዬ፣ ሁሉንም ጨርሻለሁ፤ ካርዶቹ ግን አልመጡም። ጊዜ ይፈጅ ይሆን እንዴ?»

ስደርስ ካርድ ክፍሉ በር ላይ ሰልፉ ግቢውን አልፎ ነበር። ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ነው። ከአንድ እስከ ስምንት ራይት ተደርጎበታል፤ አምስት ቁጥር ላይም። ከገጹ አናት ላይ፣ ባሩ ይኖርበት የነበረው ቦታ ነጭ ነው። ያን ነጭ ቦታ እንዳየሁ ሁሉም ነገር ገባኝ። መናገር የነበረብኝ ያኔ ነበር፤ አፌ ሳይደርቅ፣ ነገሩ ሳይቀዘቅዝ።

«እስቲ ልየው» ነው ያልኩት።

ሦስት ቀን ለፋሁ። አዲሱ ፕሮግራም በላዩ ላይ ስለተጫነበት ከስድስት ሺህ ካርድ ሺህ የማይሞላ ነው የተረፈው፤ ከዚያም ግማሹ ስም የለውም። የአራት ዓመት የስኳር ልክ፣ የግፊት ልክ፣ ማን የሳንባ መድኃኒቱን ስንተኛ ወር ላይ እንዳደረሰ፣ ሁሉም ጠፋ። አንድ ሽማግሌ ሸማኔ «እኔ እንኳ ልጄ፣ ቢጫዋን ይሁን ነጯን እንደምውጥ አላውቅም፤ ኡሙሀኒ ናት የምታውቀው» አሉኝ። እትዬ ኡሙሀኒ ጥግ ላይ ቆመው ከጭንቅላታቸው የሚያስታውሱትን በደብተር ይጽፉ ነበር።

አቶ አጥናፉ ኮሪደሩ ላይ ሰው ሁሉ እየሰማ «ድሮም ኮምፒውተሩን ጠልተውታል! ይኸው ገደሉት!» አሏቸው።

«እኔ የተጻፈውን ነው ያደረግኩት።»

«የተጻፈው ስህተት ከሆነ ጌቱ ይናገራላ! ባለሙያው እሱ ነው። እስከ ዓርብ የባለሙያ ሪፖርት ያቀርባል፤ ኮሚቴው ይወስናል።»

እትዬ ኡሙሀኒ ወደኔ ዞሩና አዩኝ። ፊታቸው ላይ እፎይታ አየሁ። ያስተማርኳቸው እኔ፣ የማውቃቸው እኔ፤ ሪፖርቱን የምጽፈውም እኔ። ጡረታ ሊወጡ አንድ ዓመት ከአራት ወር ነበር የቀራቸው። የሚያሳስባቸው ግን እሱ አይመስለኝም፤ በዚያ ሰፈር ውስጥ «የድሃውን ካርድ ሆን ብላ ያጠፋች» ተብሎ መኖር ነበር።

ሰኞ ኦልያድ ደወለልኝ። ናይሮቢ ሆኖ ፕሮጀክቱን የሚያስተባብረው እሱ ነው። «ጌቱ፣ በቃ ተሳካ! የጠየቅነውን የገንዘብ ድጋፍ አገኘን። የመመሪያ ክፍል ኃላፊ እንቀጥራለን፣ ቋሚ። ስምህን ሰጥቻለሁ። የለጋሾቹ ገምጋሚዎች ሰሞኑን ሳይቱን ያዩታል፤ እ... ማለቴ፣ ንጹሕ ይሁን። ቅሬታ ምናምን እንዳይኖርበት» አለኝ። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው። እናቴ ቤት፣ እናቴ ጓዳ ነው የምኖረው። አምስት ዓመት በነጻ ስሠራ አንድ ሰው «ይህን ሁሉ አንተ ነህ የጻፍከው?» እንዲለኝ ስጠብቅ ኖሬያለሁ። ይህንን የምናገረው እንዲታዘንልኝ አይደለም።

ማክሰኞ ከሰዓት መጀመሪያ ያደረግኩት ስህተቴን ማረም ነው። ገጹ ሲታተም ከአናቱ ላይ «ቨርዥን ሦስት ነጥብ አንድ፤ ከቨርዥን ሦስት ለሚነሳ ብቻ» የሚል በትልቁ እንዲወጣ አደረግኩ። አምስት ቁጥር ላይም ማስጠንቀቂያ ጨመርኩ። በኦፕን ሶርስ ዓለም የተለወጠ ነገር ሁሉ ከነቀኑና ከነሰዓቱ ይመዘገባል፤ ማንም ሰው ገብቶ ሊያየው ይችላል፤ የምንኮራበትም በዚህ ነው። ከለውጡ ጎን «አነስተኛ የኅትመት ማስተካከያ» ብዬ ጻፍኩ። ክፍት ነበር፤ ዛሬም ክፍት ነው። የክሊኒኩ ሰው ግን እዚያ ገብቶ እንደማያይ አውቅ ነበር።

ያወቀብኝ ኢስሐቅ ብቻ ነው። ረቡዕ ለሌላ ክሊኒክ ሲያትም አየው።

«ይቺ ቁጥር ከየት መጣች?» አለኝ፣ ወረቀቱን እንደያዘ።

«ጨመርኳት።»

«መቼ?»

«ትናንት።»

ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ። «ለእትዬ ኡሙሀኒ ሳትምላቸው አልነበረችም።»

«አልነበረችም።»

«እና ለምንድነው ዝም የምትለው? ሴትዮዋን እኮ ሊያባርሯቸው ነው! ሂድና ንገራቸው እንጂ!»

ንዴቴ ከየት እንደመጣ አላውቅም። «ባሩን ያስጠፋኸኝ ማን ነው?» አልኩት። «ቶነሬን ጠጣችው ብለህ ያለቀስከው ማን ነው? አሮጌውን ትተህ አዲሱን ያተምክላቸውስ? እኔ አፌን የከፈትኩ ቀን መጀመሪያ የምትጠየቀው አንተ ነህ!»

ውሸት ነው። ፎቶ ኮፒ የሚያነሳን ሰው ማንም አይጠይቀውም። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይኸው ነው። ኢስሐቅ ግን ክሊኒኩ ትልቁ ደንበኛው ነበር፤ ሁለት ልጆች አሉት።

«እኔ ምን አውቃለሁ?» አለ፣ ድምፁ ወርዶ። «ክፈት አሉኝ፣ ከፈትኩ። አትም አሉኝ፣ አተምኩ። ወላሂ ሌላ የማውቀው የለም።»

«እንግዲያው ከነገሩ ጦም እደሩ።»

ከዚያ በኋላ አላነሳውም። አፉን ስዘጋው እንዴት እንደቀለለኝ!

ሪፖርቱን ሐሙስ ጻፍኩ። ሦስት ዓረፍተ ነገር ነው። «መመሪያው ለቨርዥን ሦስት ትክክለኛ ነው። ተጠቃሚዋ ክሊኒኩ ከሚጠቀምበት ቨርዥን ጋር የማይገናኝ መመሪያ ተከትለዋል። ዌብሳይቱ ላይ የሁሉም ቨርዥን መመሪያ ተለይቶ ተቀምጧል።» አንድም ውሸት የለበትም። በአምስት ዓመት ውስጥ እንደዚያ ጥርት ያለ ነገር ጽፌ አላውቅም።

ዓርብ ኮሚቴው ተሰበሰበ። አራት ሰዎችና አቶ አጥናፉ፣ በረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ። እትዬ ኡሙሀኒ ነጠላ ሻርፓቸውን አስተካክለው መጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሪፖርቴ ተነበበ።

«ለምንድነው የቨርዥኑን ቁጥር ሳያዩ የሠሩት?» ብለው ጠየቋቸው አቶ አጥናፉ።

እትዬ ኡሙሀኒ ላሚኔቱን ከቦርሳቸው አወጡ። ፊቱን አዩት፣ ጀርባውን ገለበጡት። «የት ነው ቁጥሩ?» አሉ። ሲሟገቱ አልነበረም፤ እንደ ተማሪ ነበር የጠየቁት።

ሁሉም ወደኔ ዞረ። እዚያ ክፍል ውስጥ መልሱን የሚያውቅ አንድ ሰው ነበር።

«ዌብሳይቱ ላይ አለ» አልኩ።

አቶ አጥናፉ ስልካቸውን አውጥተው ከፈቱት። ሰማያዊው ባር መጣ፤ ቁጥሩ በነጭ ተጽፎበታል። «ይኸው! ይሄን የሚያህል ተጽፎ!» ብለው ስልኩን በጠረጴዛው ላይ ገፉላቸው።

እትዬ ኡሙሀኒ ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው ዓይናቸው ድረስ አስጠጉት። ብዙ አዩት። ከዚያ መልሰው አስቀመጡት።

«እውነትም አለ» አሉ።

ከዚያ በኋላ የጠየቃቸው የለም። ሰኞ ደብዳቤው ወጣ፤ ከባድ ቸልተኝነት ይላል። አዲሱ ገበያ ድረስ ወሬው ተዳርሶ ወንድማቸው ሱቅ ዕቃ ሊገዛ የገባ ሁሉ «እህትህ ናት እንዴ?» እያለ ይጠይቅ ጀመር። እኔ በሰኔ መጀመሪያ ሥራውን አገኘሁ። ገምጋሚዎቹ ከሁሉ በላይ የወደዱት፣ መመሪያው በሚታተምበት ጊዜ እንኳ የቨርዥኑ ቁጥር እንዳይጠፋ መታሰቡን ነው፤ «የአካባቢውን ተጠቃሚ በሚገባ የሚያውቅ ሰው ሥራ» ብለው ጽፈውልኛል። እናቴ ደብዳቤውን በፍሬም አስገብታ ሳሎን ሰቀለችው።

ሰኔ አጋማሽ ላይ ኢስሐቅ ፎቶ ኮፒ ቤት ቁጭ ብዬ ሳለ እትዬ ኡሙሀኒ ገቡ። ውጭው ዝናብ ነበር፤ ጫማቸውን በር ላይ ጠረጉ። ከስተዋል። ክሊራንሳቸውን ፎቶ ኮፒ ሊያስነሱ ነው የመጡት። ኢስሐቅ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሳ ሰላምታቸውን መለሰና ወረቀቱን ተቀብሏቸው ወደ ማሽኑ ዞረ። ያኔ እኔን አዩኝ።

«ጌቱዬ! አንተን እኮ ልፈልግህ ነበር» ብለው መጥተው እጄን በሁለት እጃቸው ያዙኝ። ልነሳ ስል «ቁጭ በል፣ ቁጭ በል» አሉኝ። «ሥራ አገኘ ሲሉ ሰማሁ፤ ደስ አለኝ። አላህ ያሳድግህ።»

«አመሰግናለሁ፣ እትዬ።»

«አሳፈርኩህ ልጄ። ሦስት ወር ሙሉ ቅዳሜህን ሰውተህ ያስተማርከኝን፣ ቁጥሩን ሳላይ ቀርቼ በሰው ፊት አዋረድኩብህ። ‹ማን ነው ያስተማራቸው?› ሳይሉህ አይቀሩም። ደግሞ ሦስት ቀን እህል ሳትቀምስ ስትደክምልኝ አይቻለሁ። ቁጭ ባልኩበት ሁሉ የማስበው እሱን ነው፤ እንዴት ሳላየው ቀረሁ? ይሄን የሚያህል ቁጥር? ዓይኔ ነው መሰለኝ እንጂ ልቤ ክፋት የለውም። አንተ ታውቀዋለህ።»

«አውቃለሁ።»

«እንግዲያው አፉ በለኝ።»

ኢስሐቅ ማሽኑን አቁሞ ዞሮ አየኝ። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ይወርዳል። መናገር የነበረብኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ቁጥሩ ወረቀቱ ላይ አልነበረም። ያን ብቻ ብል ዓይናቸውን መጠራጠር ይተዉ ነበር። አፌ ውስጥ ደርሶ ነበር፤ እውነቴን ነው፣ ደርሶ ነበር። እጄን እንደያዙ፣ ፊቴን እያዩ ይጠብቃሉ።

«አፉ ብያለሁ፣ እትዬ» አልኳቸው።

«አላህ ያክብርህ» ብለው ጎንበስ አሉና እጄን ሳሙት።